ከጥንት የተረፉ አይደሉም፦ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን ራይቦዞም ተረትና እውነታ

ተረት፦ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያን ከጥንት ሳይለወጡ የቀሩ ናቸው።

ይህን ሳይንቲስቶችም አምነውት ነበር፤ ያሳመናቸውም ራይቦዞም ነው። ራይቦዞም በማንኛውም ሕዋስ ውስጥ የአር ኤን ኤን መልእክት ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ፣ አሚኖ አሲዶችን እየቀጣጠለ ፕሮቲን ይሠራል። በ1986 ሳይንቲስቶቹ ቮስብሪንክና ካርል ዎስ ማይክሮስፖሪዲያ የተባሉ ጥገኞችን ሲመረምሩ፣ በእኛ ራይቦዞም ለብቻው የሚቆመው አንድ አጭር አር ኤን ኤ በእነሱ ዘንድ፣ ልክ እንደ ባክቴሪያ፣ ከረጅሙ አር ኤን ኤ ጋር ተያይዞ አገኙት። በዓመቱ ማይክሮስፖሪዲያ እጅግ ጥንታዊ እንደሆኑ ተጻፈ። ኋላ ሌሎች ጂኖች ሲነጻጸሩ ግን የፈንገስ የቅርብ ዘመዶች ሆነው ተገኙ። ቅድመ አያቶቻቸው ሙሉ ራይቦዞም ነበራቸው። በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብተው በሰው ቤት መኖር ከጀመሩ ወዲህ ነው ቆራርጠው ያሳነሱት።

ተረት፦ እንግዲያው ጥገኝነት ራይቦዞምን ሁልጊዜ ያሳንሳል።

ሊሽማንያ ይህን ያፈርሳል። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣው፣ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ነው። የሰው ራይቦዞም ትልቁ ክፍል በ3 የአር ኤን ኤ ዘንጎች ሲቆም፣ የሊሽማንያ በ8 ይቆማል። ረጅሙ ዘንግ ከተሠራ በኋላ ወደ 6 ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጮቹም እርስ በርስ እየተጣመሩና በፕሮቲን እየተያዙ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጣው የዘመዱ የትሪፓኖሶማ ብሩሴይ ራይቦዞም በ2013 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በዝርዝር ሲታይ፣ በውጪው ገጽ ላይ ትላልቅ ተጨማሪ የአር ኤን ኤ እጥፋቶች ተገኝተውበታል። አሚኖ አሲዶች የሚገጣጠሙበት እምብርት ግን አልተነካም። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ዝግመተ ለውጥ ዳር ዳሩን እንደ ልቡ ሲለዋውጥ መሃሉን አልደፈረም።

ተረት፦ አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ሕሙማን ለ17 ቀናት በየቀኑ ከሚወጓቸው ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ፓሮሞማይሲን ነው፤ እሱም አንቲባዮቲክ ነው። የሚያርፈው የራይቦዞም ትንሹ ክፍል የመልእክቱን ፊደል በሚያመሳክርበት ቦታ ላይ ነው፤ ራይቦዞሙም የተሳሳተ አሚኖ አሲድ እየሰካ የተበላሸ ፕሮቲን ያመርታል። በዚያ ቦታ የሰው ራይቦዞም አዴኒን ሲኖረው ሊሽማንያ ጓኒን አለው፤ መድኃኒቱ ጥገኛውን ከሰው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህች የአንድ ፊደል ልዩነት ናት። ለወባ መከላከያ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ ራይቦዞምን ያጠቃል። የወባ ጥገኛ በጥንት ዘመን ከተዋጠ አልጌ የወረሰው ክፍል አለው፤ በዚያ ውስጥ ያለው ራይቦዞም የባክቴሪያ ዓይነት ነው።

ይህን ሰምተው ለካላዛር ከመድኃኒት ቤት ያገኙትን አንቲባዮቲክ መግዛት ግን ሕይወት ያሳጣል። ለምሳሌ አሞክሲሲሊን የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፤ ሊሽማንያ ደግሞ ያ ግድግዳ የለውም።