የዓይን ሞራ ከተነሣ በኋላ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

የዓይን ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ደፍርሶ ብርሃን ሲከለክል ነው። በ1998 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውሮች መካከል ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ ሕመም ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪሙ የደፈረሰውን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ነገር ግን በማግሥቱ «እሰይ፤ አየሁ» ብሎ ወደ ሥራ መሮጥ አይገባም። ቁስሉ ሳይጠግግ ጀርም ከገባበት፤ የተገኘው ብርሃን ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

ስለ ጠብታው፤ መድኃኒቱን የምታደርገው ልጅ ወይም ምራት አስቀድማ እጇን በውሃና በሳሙና ትታጠብ። ታማሚዋ ሽቅብ ስታይ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋ አንድ ጠብታ ታንጠብጥብ፤ አንድ ይበቃል። የጠርሙሱ አፍ ዓይንን ወይም ጣትን አይንካ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከሉ 5 ደቂቃ ይጠበቅ። ሕመሙ ተወኝ ተብሎ መድኃኒቱ አይቋረጥም፤ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ለጎረቤት ማዋስም ክልክል ነው።

ስለ ሥራ፤ ከማግሥቱ ጀምሮ መብላት፣ በደጅ መራመድ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ መጫወት ግድ የለም። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ግን እንስራና እንጨት መሸከም፣ እህል መፍጨት፣ መውቀጥ፣ አጎንብሶ ማጠብም ይቅር። ሕፃን ማዘልም አይገባም፤ ይከብዳል፣ እጁንም ወደ ዓይን ይሰድዳል። ጢስ ዓይንን ስለሚያስለቅስና ስለሚያሳሽ እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር። ከአውድማና ከአቧራም መራቅ ነው።

ስለ ንጽሕና፤ ፊት የሚጠረገው ዓይኑን ሳይነኩ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ነው። ዓይንን ማሸት፣ በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ ኩል መኳል፣ የቅጠል ጭማቂ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ራስ ላይ የተቀባ ቅቤ ቀልጦ ወደ ዓይን ስለሚወርድ ለጊዜው ይቅር። ጠበል የሚጠመቁም፣ ወንዝ የሚወርዱም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይታገሡ። ሌሊት የተሰጠው መከለያ ይደረግ፤ በደኅናውም ዓይን በኩል መተኛት ይሻላል።

ትንሽ መቆርቆርና ማልቀስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ነው። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም አይቶ የነበረው መልሶ ከጨለመ ግን «ነገ ይሻለኛል» አይባልም። የገበያ ቀንም አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ደኅና የሆኑትም ቢሆኑ በቀጠሮአቸው ቀን ሳይቀሩ ይታዩ፤ ወደ ከባድ ሥራ መመለሻውን የሚነግራቸው ሐኪሙ ነው።