ዓሣው ለምን ወደ ላይ ወጣ?

ሕይወት ያለው የትምህርት መርጃ ከሥዕል እንደሚበልጥ የሚክድ መምህር የለም። በመስታወት ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዓሣ ስለ ስንጥብም ሆነ ስለ አተነፋፈስ ከሰሌዳ ላይ ሥዕል ይልቅ ብዙ ያስተምራል። ችግሩ፣ ዓሣ አይጮኽም፤ የሚናገረው በአኳኋኑ ብቻ ነው። አኳኋኑን ማንበብ ያልቻለ መምህር ሰኞ ያመጣውን ዓሣ ዓርብ በልጆቹ ፊት አውጥቶ ይጥላል። ለምን ሞተ ተብሎ ሲጠየቅም «ቀኑ ደርሶ ነዋ!» ይላል። ይኼ መልስ ለሣይንስ ክፍለ ጊዜ አይሆንም።

አዘውትሮ የሚታየው እንግዳ ጠባይ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን መክፈትና መዝጋቱ ነው። ብዙ ሰው ራበው ይልና እንጀራ ይፈረፍርለታል። ዓሣው ግን ያጣው ምግብ ሳይሆን ኦክሲጅን ነው። የተረፈው ፍርፋሪ ሲበሰብስ ያለችውንም ኦክሲጅን ይጨርስበታል።

በእኛ አገር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 6 ተኩል ገደማ ነው። ለቆላና ለባሕር ዳር አገር የተጻፈ መጽሐፍ «ለዚህ ያህል ውሃ ይህን ያህል ዓሣ» ቢል መንዝ ላይ እንዳለ አይሠራም ማለት ነው።

ኦክሲጅን ወደ ውሃው የሚገባው በገጹ በኩል በመሆኑ የዕቃው አፍ ስፋት ወሳኝ ነው። አሥር ሊትር ውሃ በገንቦና በገበቴ ቢቀመጥ ለዓሣው የሚሻለው ገበቴው ነው። ውስጡ የውሃ ተክል ካለ ደግሞ ዓሣው በተለይ ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ተክሉ ቀን በብርሃን ኦክሲጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ይወስዳል።

ሌላው ጠላት አሞኒያ ነው። ከዓሣው ከራሱና ከብስባሽ ይወጣል፤ በዓይን ስለማይታይ ውሃው ኩል መስሎ መርዝ ሊሆን ይችላል። አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ዕቃ ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እስከዚያው በየጥቂት ቀኑ የውሃውን ሩብ ያህል መለወጥ ነው። ሁሉን ባንዴ መድፋት ግን አይገባም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ሆኖ ይደር።

ታዲያ ወደ ላይ የወጣ ሁሉ ታፍኗል ማለት አይደለም። በጀማ ወንዝ የሚገኘው አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ብቅ ብሎ ጎርሶ መመለስ ልማዱ ነው።

ቆሮሶ ከታች ተጋድሞ ምግብ እንቢ ካለስ? መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ውሃው ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ላደረበት ክፍል ይህ ሩቅ አይደለም። ማታ ማታ ዕቃውን ዙሪያውን በባና መጠቅለል ይረዳል፤ አፉ ግን አይሸፈንም። የመንዝ ባና ለሰው ብቻ አልተሠራም!

ዓሣው ገላውን በድንጋይ ላይ ደጋግሞ ካሻሸ የቆዳ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዘውት ይሆናል። ነጫጭ ነጠብጣብ መኖሩን ማየት ነው።

በጣም የሚያስገርመን ግን የቆሮሶ እናት ነገር ነው። መንጋጋዋ ያብጣል፣ አፏን የምታላምጥ ይመስላል፣ ምግብ አትነካም። ታመመች ብሎ የሚያወጣት ሰው አይጠፋም። አልታመመችም፤ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ እያገላበጠች ነው። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ትቆያለች። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ተባዕቱ አሸዋ በአፉ እየዛቀ ጉድጓድ ሲቆፍርም ጎጆ ማዘጋጀቱ ነው።

አንዳንዴ ምክንያቱ ከዕቃው ውጭ ይሆናል። ኔዘርላንዳዊው ኒኮ ቲንበርገን በላይደን ያስቀመጣቸው ተባዕት ዓሦች ቀይ የፖስታ መኪና በመስኮቱ በኩል ባለፈ ቁጥር ወደዚያው ይወረወሩ ነበር። የዚያ ዓሣ ተባዕት በመራቢያ ወቅት ሆዱ ስለሚቀላ፣ ቀይ ሲያዩ ተቀናቃኝ የመጣ ይመስላቸዋል። ቲንበርገን በእንስሳት ጠባይ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ስለዚህ ዓሣው ደህና በሆነበት ቀን ተማሪዎች የስንጥብ ክዳኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ይቁጠሩ፤ የውሃውን ሙቀትም ጨምረው በሰሌዳው ጥግ ይጻፉት። አንድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ከወትሮው በጣም ካለፈ ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ እስኪወጣ መጠበቅ የለም፤ ያደረው ውሃ ወዲያው ይቀዳለት።