ስደተኛው የፒያኖ መምህርና ደብዳቤዎቹ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲቀመጥ፥ በእርሱና በቤተ ዘመዱ መካከል የሚቀረው ድልድይ ደብዳቤ ነው። ይህም ነገር በፖላንዳዊው በፍሬዴሪክ ሾፓን ሕይወት ይታያል። የሾፓን ስም ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነሣው ስለ ደረሰው ዜማ ነው፤ ነገር ግን በፓሪስ ከተማ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ሲኖር እንጀራውን ያገኘው ከሁሉ ይልቅ ፒያኖ በማስተማር ነበረ።

አባቱም ኒኮላ ሾፓን ራሱ ስደተኛ ነበረ። በሎሬን አውራጃ የተወለደ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ በ1787 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ፖላንድ ሄደ፤ በዚያም አገባ፥ ልጆች ወለደ፥ በዋርሶ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ አስተማረ። እንግዲህ አባት ከፈረንሳይ ወደ ፖላንድ ሄዶ ቋንቋ አስተማረ፤ ልጅም በአባቱ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙዚቃ አስተማረ።

ሾፓን የተወለደው በ1810 በዋርሶ አጠገብ ባለች መንደር ነው። በኖቬምበር 2 ቀን 1830 ከዋርሶ ሲወጣ ሙያውን በውጭ አገር ለማሳየት እንጂ ለመሰደድ አላሰበም ነበር። ወር ሳይሞላው ግን ፖላንዳውያን በመስኮብ መንግሥት ላይ ተነሡ። በቪየና አብሮት የነበረው ወዳጁ ቲቱስ ለመዋጋት ወዳገሩ ተመለሰ፤ ሰውነቱ ደካማ የሆነው ሾፓን ግን ቀረ። በሴፕቴምበር 1831 ሽቱትጋርት በምትባል የጀርመን ከተማ ሳለ፥ ዋርሶ በመስኮብ ጭፍሮች እጅ መውደቋን ሰማ። ያን ጊዜ ስለ ወላጆቹና ስለ እኅቶቹ እየሠጋ፥ እርሱም እጁን አጣጥፎ መቀመጡን እየጠላ፥ ኀዘኑን በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ።

በዚያው ዓመት ፓሪስ ገባ። የይለፍ ወረቀቱን በመስኮብ ኤምባሲ ስላላሳደሰ እንደ ስደተኛ ተቈጠረ፤ የአገሩም በር ተዘጋበት። በ1835 ወላጆቹን ካርልስባድ በምትባል የፍል ውሃ ከተማ አገኛቸው፤ ከዚያ ወዲህ አባቱንም እናቱንም በዓይኑ አላየም።

ሾፓን በብዙ ሕዝብ ፊት መጫወት ያስጨንቀው ነበርና ኑሮውን በትምህርት ላይ መሠረተ። ለአንድ ትምህርት ዋጋው ሃያ ፍራንክ ነበረ። ገንዘቡን በእጁ መቀበል ስለማይወድ እርሱ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ተማሪው ከምድጃው በላይ አኑሮለት ይሄድ ነበር። ደቀ መዝሙሩ በትልቁ ፒያኖ ሲቀመጥ እርሱ በአጠገቡ ባለው በትንሹ ፒያኖ ይቀመጥና እየመታ ያሳየው ነበር። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ ይከለክል ነበር፤ ትጋት ማለት ጣትን ማድከም የሚመስላቸው መምህራን በሞሉበት ዘመን ይህ የሚያስደንቅ ነው። መልካም ዘፋኞችን ሄደው እንዲሰሙም ይመክራቸው ነበር፤ ጣት እንደ ሰው ድምፅ መዘመር አለበት ብሎ ያምን ነበርና።

ደብዳቤ መጻፍ ግን ይከብደው ነበር። ጓደኛው ፍራንዝ ሊስት እንደ ተረከው፥ ሾፓን የግብዣ መልስ ከሚጽፍ ይልቅ ፓሪስን ከዳር እስከ ዳር ቢሄድ ይመርጥ ነበር። ሆኖም ለቤተ ሰቡ ሲጽፍ ይህ ሁሉ ስንፍና ይጠፋል። በፖላንድ ቋንቋ እየጻፈ፥ ትቶት እየተመለሰ፥ አንዱን ደብዳቤ ብዙ ቀን ይቀጥለዋል። የፓሪስን ወሬ፥ የወዳጆቹን ጤና፥ በ1845ም በአሜሪካ በባልቲሞርና በዋሽንግተን መካከል የተዘረጋውን ቴሌግራፍ ሳይቀር ያወራላቸዋል። ሕመሙን ግን ይሸሽጋል። በ1838 በማዮርካ ደሴት ታሞ ሳለ በሐኪሞቹ እየቀለደ ለወዳጁ ለፎንታና ጻፈለት፤ መታመሙንም ለሰው እንዳይናገር ለመነው። አባቱ ደግሞ ለክፉ ቀን ጥቂት ገንዘብ አስቀምጥ እያለ ይጽፍለት ነበር፤ ልጁ ግን ምክሩን አልፈጸመም።

ክፉው ቀን በ1848 መጣ። በፓሪስ አብዮት ተነሥቶ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ እርሱም እየሳለ ወደ እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ ሄዶ አስተማረ። ሲመለስ ኃይሉ አልቆ ነበር። በጁን 25 ቀን 1849 ለታላቅ እኅቱ ለሉድቪካ ሕመሙን ሳይሸሽግ ጻፈላት፤ የምትችሉ እንደ ሆነ፥ ተበድራችሁም ቢሆን ኑልኝ አለ። እርስዋም ፈቃድ አግኝታ ከባልዋና ከልጅዋ ጋር በኦገስት ደረሰች። ሾፓን በኦክቶበር 17 ቀን ዐረፈ። ሥጋው በፓሪስ ተቀበረ፤ ልቡን ግን ሉድቪካ ወደ ዋርሶ ወሰደችው፤ ዛሬም በቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ውስጥ ይገኛል።

ለቤተ ሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በሌላዪቱ እኅቱ በኢዛቤላ ቤት በዋርሶ ተቀመጡ። በ1863 ፖላንዳውያን እንደ ገና በተነሡ ጊዜ፥ በዚያ ሰፈር በመስኮብ ሹም ላይ ቦምብ ስለ ተጣለ ወታደሮች ቤቱን ዘረፉ፤ ፒያኖውን በመስኮት ወረወሩ፥ ከደብዳቤዎቹም ብዙዎቹን አቃጠሉ። ሞሪስ ካራሶቭስኪ የሚባል ጸሐፊ ግን አስቀድሞ ከእነዚያ ደብዳቤዎች አያሌዎቹን ገልብጦ ነበርና፥ ዛሬ ከሚነበቡት አንዳንዶቹ ከእርሱ ግልባጭ የተገኙ ናቸው።