ተጨማሪ መረጃ፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወተት ለምን አይስማማም?

ክብደት ለመቀነስ ከሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ጋስትሪክ ባይፓስ ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው የላይኛው ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ያስቀርና ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ያገናኛታል። ስለዚህ ምግብ የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

የወተትን ስኳር ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚገኘው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ወተቱ በአጭር መንገድ ፈጥኖ ሲያልፍ ላክቶሱ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ይከተላሉ። ቀድሞ ወተት ይስማማው የነበረ ሰውም ይህ ሊያጋጥመው ይችላል።

ታካሚው በቀን ቢያንስ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ስለሚመከር ብዙ ጊዜ የፕሮቲን ዱቄት በጥብጦ ይጠጣል። ከአጓት ከሚሠሩት ዱቄቶች «ኮንሰንትሬት» የሚባለው ላክቶስ አለው፤ ይበልጥ የተጣራው «አይሶሌት» ግን እጅግ ጥቂት ነው ያለው። እርጎም ባክቴሪያዎቹ ላክቶሱን በከፊል ስለሚያፈርሱት ከወተት ይሻላል። ለጿሚ ደግሞ የአኩሪ አተር ፕሮቲን አለ።

ስኳር የበዛበት መጠጥ ላክቶስ ባይኖረውም እንኳ በዚህ ታካሚ ላይ ላብ፣ ማዞርና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የስኳር መጠን ማየት ያስፈልጋል።