አዲሱ ግድግዳ ለምን ረጠበ?

ዓመታት ቆጥበው፣ ከዕለት ጉርስ ቀንሰው ያገኙት ቤት ገና የቀለሙ ሽታ ሳይለቀው ግድግዳው ቢረጥብ ምን ይሰማዎታል? በእኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጋራ መኖሪያ ቤት ደርሶኝ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ በልጆች መኝታ ክፍል ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ልስን ረጥቦና ሻግቶ አገኘሁት። የትንሹ ልጄ ሳል የበረታውም በዚያው ሰሞን ነበር። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ውሃ እየደፋች መስሎኝ አኮረፍኋት፤ ሰላምታም ነሣኋት።

አንድ አረጋዊ ግንበኛ ግን፣ «ልጄ፣ ሰው ከመውቀስሽ በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ መርምሪ» አሉኝ። ምርመራውም ገንዘብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ይመልከቱ። ውሃ በሚመጣበት ቀን ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው ቁጥሩን ይጻፉ። ማንም ሳይጠቀም ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ከጨመረ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ማለት ነው። ሮቶ ያለው ሰው የሮቶውንም የውሃ ልክ ያስተውል። የፍሳሽ ቧንቧን ግን ቆጣሪ አያሳይም፤ እርጥበቱ ገላ ወይም ልብስ ከታጠበ በኋላ የሚብስ ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጣሪያውን፣ አሸንዳውንና የውጭውን ስንጥቅ ያስፈትሹ።

ቀጥሎ ግድግዳውን አድርቀው ንጹሕ ላስቲክ ይለጥፉበት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ይድፈኑ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከታየ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ነው። አዲስ ልስንና ኮንክሪት ለመድረቅ ወራት እንደሚፈጁም አይዘንጉ። ጠብታው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ ግን የክፍሉ እንፋሎት ነው።

የእኔ ከላይ ነበር! ክረምቱን ብርድ ፈርተን መስኮት ዘግተን እንጀራ እንጋግራለን፤ ልብስም ቤት ውስጥ እናሰጣለን። እንፋሎቱ ሁሉ ሄዶ በቀዝቃዛው የውጭ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ቁም ሣጥኑን በስንዝር አራቅሁት፤ ምጣድ ሲጣድ የማዕድ ቤቱን በር ዘግቼ መስኮቱን መክፈት ጀመርሁ። ሻጋታውን በሳሙና ውሃ አጠብሁ። ሻጋታ የሕፃናትን ሳልና አስም ስለሚያባብስ ልጄን ለሐኪም አሳየሁት፤ አሁን ተሽሎታል። ጎረቤቴንም ቡና አፍልቼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

እናቶች ሆይ! በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛም ጋዝ ያወጣል። እርጥበቱ ሶኬት አጠገብ ከደረሰ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ጥፋቱ የአሠራር ከሆነም ዝም አትበሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ጉድለቱን እንዳያችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀኑን መዝግባችሁ ሳትዘገዩ በጽሑፍ አስታውቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ትንሿን ጠብታ አትናቁ።