ደብረ ሲና እና ጎልጎታ ጎረቤት የሆኑበት ካርታ

ክረምቱን እኔ ዘንድ ወገል ጤና ያሳለፈው የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ስላደገ መንገድ የሚያውቀው በስልክ ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ከቤት ቢያውለን የደላንታን ካርታ አሳስቼ ሣልኩለት። ከዋድላ የሚለየንን ጅጣን ወደ ደቡብ፣ ከመቅደላ የሚለየንን በሽሎን ወደ ሰሜን አዛወርኩ፤ ላሊበላንም ከደሴ በታች አደረግኩ። «ሦስት ስሕተት አለ፤ ፈልግ» አልኩት።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከላሊበላ ነው። አባቶች ለጨዋታ አላደረጉትም። ትውፊቱ እንደሚለው ኢየሩሳሌም መድረስ ለማይችለው ምእመን ኢየሩሳሌምን ላስታ ላይ አመጡለት። ለልጅ ግን ከዚህ የበለጠ እንቆቅልሽ የለም። ደብረ ሲና ያለው ግብጽ፣ ጎልጎታ ኢየሩሳሌም ነው፤ በመካከላቸው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ላሊበላ ውስጥ ግን ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች ተያይዘው ነው የቆሙት። ዮርዳኖስም እውነተኛው ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ርቆ ቁልቁለት ውስጥ ነው፤ የላስታው በቤተ መድኃኔዓለምና በቤተ አማኑኤል ወገኖች መካከል ያልፋል። ልጆች ይዘው ለገና ከወጡ የቅድስት አገርን ካርታ በእጃቸው ይስጧቸውና «የትኛው ቦታ ተጠጋ? የትኛውስ ቀረ?» ብለው ይጠይቋቸው። እግራቸው እስኪዝል ይዞሩልዎታል።

ነገሩን ከጨዋታ በላይ የማየው በሥራዬ ምክንያት ነው። ገጠር ሳለሁ አንድ ሌሊት እናቱን ምጥ የያዛት ልጅ ቀሰቀሰኝ። የማውቀውን መንገድ ወንዝ ሞልቶ ዘግቶታል። ልጁ በእንጨት መሬቱን ጫረና «ሲስተር፣ ወንዙን ይተዉት፤ በጉብታው ዞረን ከላይ እንወርዳለን» አለኝ። ፋኖስ ይዤ ተከተልኩት። ጎሕ ሲቀድ እኅቱን አዋለድኩ። በስልክ ብቻ መንገድ የሚያውቅ ልጅ ባየሁ ቁጥር ያ ሌሊት ትዝ ይለኛል።

የልጅ ልጄ ሦስቱንም ስሕተት አገኘ፤ ለበሽሎ ግን ጎረቤት መጠየቅ ነበረበት። በማግስቱ ተራው የእሱ ሆነ። መነጽሬን አድርጌ ቡናው እስኪፈላ ፈለግኩ፤ ጅጣ ከታች፣ በሽሎ ከላይ፣ ደሴ በግራ።

«ሁሉንም አሳስተኸዋል» አልኩት።

«አንድም ስሕተት የለውም። ወረቀቱን አዙሪው፤ ሰሜንን ታች አድርጌው ነው!»

ስቱዋርት ማክአርተር የሚባል አውስትራሊያዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ደቡብን ላይ ያደረገ የዓለም ካርታ ማሳተሙን ነገርኩት። «ታዲያ እሱም ትክክል ነዋ!» አለኝ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎት ሄደ፤ ቡና ሊጠጣ የገባ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን እያጣመመ የራሱን ቤት ይፈልጋል።