የነዳጅ ልክ ነጋሪ በመልኩ ሳይሆን በልኩ ይሸጥ

የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በሶማሌ ተራ፣ ዘወትር የሚታይ ነገር አለ። ደንበኛው በጋዜጣ የጠቀለለውን አሮጌ ዕቃ በባንኮኒው ላይ ፈትቶ «ይህን የመሰለ ስጡኝ» ይላል። ባለሱቁም ከመደርደሪያው የሚመስለውን አውርዶ፣ ጎን ለጎን አስተያይቶ ይሸጥለታል። ለብዙው ዕቃ ይህ አሠራር ይበቃ ይሆናል፤ ለነዳጅ ልክ ነጋሪ ግን አይበቃም። ስለዚህም ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ ባለሱቁ አስመጪውን፣ አስመጪው ፋብሪካውን፣ ደንበኛው ደግሞ ሁሉንም ያማል።

ልክ ነጋሪ የሚባለው በነዳጁ ታንክ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሾፌሩ ፊት ላለው ጌጅ የነዳጁን መጠን የሚያስታውቀው መሣሪያ ነው። ነዳጁ ሲጨምር ከፍ፣ ሲጐድል ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ አለው። ከተንሳፋፊው ጋር የተያያዘውም መንኪያ በቀጭን ሽቦ ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪኩን ኃይል ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ የጌጁ መርፌም በዚያው ልክ ይነሣል ወይም ይወርዳል። ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ይህ ሽቦ ይበላል፣ ተንሳፋፊው ተሸንቁሮ ይሰጥማል፣ ወይም ማያያዣው ይዝጋል። ያን ጊዜ መርፌው ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ወይም ታንኩ ሞልቶም ጐድሎም ከአንድ ቦታ አይነቃነቅም።

ይሁን እንጂ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ጥፋቱ የልክ ነጋሪው መሆኑ ሳይረጋገጥ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዛገ ማያያዣ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ ወይም ልክ ነጋሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ መላላት ሆኖ ይገኛል። ይህንም ለመለየት አዋቂ መካኒክ ከልክ ነጋሪው ላይ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ነቅሎ ለአንድ አፍታ ብቻ ከመኪናው ብረት ጋር ያገናኘዋል። መርፌው ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከልክ ነጋሪው ወይም ከማያያዣው ዘንድ ነው ማለት ነው። መርፌው ካልተነቃነቀ ግን የሚፈለገው ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። የነዳጅ ጢስ ባለበት የእሳት ብልጭታ እንዳይነሣ፣ ይህ ፈተና የሚደረገው የታንኩ ቀዳዳ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ነው።

ጥፋቱ የልክ ነጋሪው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ባለሱቁ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመኪናውን የሥራ ዘመን ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአገራችን እጅግ የታወቀው ባለ ኤሊ ቅርጹ ቮልስዋገን ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ሞዴል ድረስ ይህ መኪና የነዳጅ ጌጅ አልነበረውም፤ ነዳጁ ሲያልቅ ሾፌሩ በእግሩ ሥር ያለችውን ቧንቧ አዙሮ በመጠባበቂያው ይሄድ ነበር። ከ1962 እስከ 1967 ሞዴል ያለው፣ ያለ ኤሌክትሪክ በገመድ የሚሠራ ጌጅ ተደረገለት። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን ጌጁ የኤሌክትሪክ ሆነ። እንግዲህ ደንበኛው «የቮልስ» ብቻ ቢል፣ የሚፈልገው ዕቃ ገና አልታወቀም።

ሁለተኛው ጥያቄ የኦም ልክ ነው። እያንዳንዱ ጌጅ የሚረዳው ለእርሱ የተወሰነውን ልክ ብቻ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ባዶ ታንክ 0፣ ሙሉ ታንክ 90 ኦም ነው። በቀድሞዎቹ የፎርድ መኪናዎች ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ባዶው 73፣ ሙሉው 10 ኦም ይሆናል። የጀርመኑ ቪዲኦ ከሚሠራቸው ዓይነቶች መካከል ባዶው 10፣ ሙሉው 180 የሆነ አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ልክ ነጋሪ በፎርድ ጌጅ ላይ ቢቀጠል ነዳጁ ሲያልቅ ጌጁ «ሙሉ» ይላል። ሾፌሩም ጌጁን አምኖ ሸቀጥ ጭኖ ሲሄድ፣ ማደያ በሌለበት በረሃ መካከል ይቆማል። የማይሠራ ጌጅ ሾፌሩን ያስጠነቅቀዋል፤ የሚዋሽ ጌጅ ግን ያዘናጋዋል።

ይህን ለመከላከል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ባለሱቁ አንድ የኦም መለኪያ በባንኮኒው ላይ ቢያኖር፣ ተንሳፋፊውን በእጁ ከታች ወደ ላይ እያነሣ የሁለቱን ዳር ልክ በደንበኛው ፊት ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩ ሳይዘል በዝግታ ከተለወጠ ዕቃው ጤነኛ ነው።

የመለወጡን ሥራ በሚመለከት የሚከተለውን ለደንበኛው ማስታወስ የሻጩ ወግ ነው። ታንኩ ጐድሎ ሳለ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። የነዳጅ ጢስ ከአየር ይከብዳልና በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ከጉድጓድ በላይ አይሠራ። አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ፤ አቧራው ወደ ታንኩ እንዳይገባ ዙሪያው ይጠረግ። አሮጌው ሲወጣ የተቀመጠበት አቅጣጫ ምልክት ይደረግበት፤ አዲሱም ክንዱ ሳይጣመም፣ ነዳጅ በማይበላው አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ። በመጨረሻም ታንኩ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ የመርፌው አካሄድ ይታይ።

በ2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉትን የቤንዚን መኪናዎች ጠግኖ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን ሞዴሉን፣ የፋብሪካውን የዕቃ ቁጥርና የባዶውንና የሙሉውን የኦም ልክ አብሮ ቢጽፍ፣ ባለሱቁም ይህንኑ በየካርቶኑ ላይ ቢለጥፍ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ አይኖርም። ደንበኛውም ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ሱቅ የሚመጣው ዕቃውን ሊመልስ ሳይሆን ሌላ ሊገዛ ይሆናል።